የጤፍ ፓተንት በችሎት፦ የፓተንት ክርክርን በምስለ ችሎት እንዴት እንማር?

አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያገኘው ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ሲነሳ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የሚሰማን ንዴት ነው። “ጤፋችንን እንዴት የእኔ ነው ይላሉ?” እንላለን። ንዴቱ ተገቢ ነው። ችሎት ላይ ግን በንዴት አይረታም። በሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ኖቬምበር 21 ቀን 2018 ያንን ፓተንት በኔዘርላንድስ ዋጋ ሲያሳጣው፣ ምክንያቱ ጤፍ የኢትዮጵያ ሀብት መሆኑ አልነበረም። ፓተንቱ ፈጠራዊ እርምጃ የለውም የሚል ነበር። በቀላል አማርኛ፣ በሙያው ያለ ሰው ብዙ ሳይጨነቅ የሚደርስበት ነገር ነው ማለት ነው።

በንዴቱና በዚህ ምክንያት መካከል ያለው ርቀት የፓተንት ጠበቃ ሥራ ነው። ይህ ሥራ በማንበብ ብቻ አይለመድም። ቆሞ መናገር፣ መጠየቅ፣ መሳሳትና እንደገና መሞከር ይፈልጋል። ለዚህ ከምስለ ችሎት፣ ማለትም ለልምምድ ከሚዋል ችሎት፣ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። እኔ ከወጣት ጠበቆችና ከሕግ ተማሪዎች ጋር ይህንኑ የጤፍ መዝገብ ደጋግሜ ሠርቼበታለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያንን አሠራር ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ነው። አምስት ሳምንትና ከስምንት እስከ አሥር ሰው ካላችሁ ይበቃችኋል። የቀን አቆጣጠሩ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ የአውሮፓውያን ነው።

መጀመሪያ፦ መዝገቡን እወቁት

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የሚባል የኔዘርላንድስ ኩባንያ ነበር። ስለ ጤፍ ዱቄት የአውሮፓ ፓተንት ማመልከቻ በ2004 ገባ። በ2005 ኩባንያው ከኢትዮጵያ የብዝሀ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ጋር የጤፍ ዝርያዎችን የመጠቀምና ጥቅም የመጋራት ስምምነት ፈረመ። ፓተንቱ በ2007 ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ግን አልሞተም። በኋላ ፓተንቱን የያዘው ኤንሸንትግሬን የተባለ ኩባንያ፣ የዳቦና ኬክ ግብዓት አምራቹን ባኬልስን በዚህ ፓተንት ሄግ ላይ ተከራከረው። ባኬልስ “ፓተንቱ ራሱ አይጸናም” ብሎ መለሰ። ፍርድ ቤቱም ተቀበለው።

ሁለት ነገር ከመጀመሪያው ቀን ለተሳታፊዎች ንገሩ። አንደኛ፣ ፓተንት የአገር ድንበር አለው። ይህ ፓተንት ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ወፍጮ ቤት ሊያስቆም አይችልም ነበር። ጉዳቱ አውሮፓ ገበያ ላይ ነበር። ሁለተኛ፣ የአውሮፓ ፓተንት ያኔ ከተሰጠ በኋላ በየአገሩ ይበተን ነበር። የሄግ ውሳኔ የሚያጠፋው የኔዘርላንድሱን ክፍል ብቻ ነው።

ውሳኔውን ግን አሁን አታንብቡ። ለመጨረሻው ቀን አስቀምጡት። አስቀድሞ ያነበበ ሰው የዳኞቹን መልስ ይደግማል እንጂ የራሱን አያስብም።

ሰው ስትመድቡ

ለከሳሽ፣ ማለትም ለባለ ፓተንቱ፣ ሁለት ጠበቃ። ለተከሳሽ ሁለት። አንድ ወይም ሦስት ዳኛ። ሁለት ምስክር። አንድ ሰዓት ያዥ። ሰዓት ያዡ ጨካኝ መሆን አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ የምግብ ሳይንስ የተማረ ወይም ወፍጮና ዳቦ ቤት የሚያውቅ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ሌላዋ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ትሁን። የእውነት እናት ብታመጡ ደግሞ የተሻለ ነው። ለምን እንደሆነ ወደታች ታዩታላችሁ።

“ሳይንስ አልተማርኩም” ብሎ የሚሸሽ የሕግ ተማሪ አይጠፋም። አይሽሽ። በአሜሪካ እንኳ በፓተንት ቢሮው ፊት ለመቅረብ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዕውቀት ይጠየቃል እንጂ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ የፓተንት ክስ ለመከራከር አይጠየቅም። የሚያስፈልገው ባለሙያን ያለ ሐፍረት መጠየቅ መቻል ነው።

አንደኛ ሳምንት፦ ክሌሙን ቆራርጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

የፓተንት ሰነድ ረጅም ነው። መብቱ ያለው ግን በመጨረሻዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው። እነዚህ የመብት ጥያቄዎች ይባላሉ። የሙያው ሰዎች ክሌም ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልጥራቸው። ባለ ፓተንቱ ባለቤት የሚሆነው በክሌሙ ቃላት ልክ ብቻ ነው። አንዲት ቃል ብትበዛ መብቱ ይጠባል። ብትቀነስ መብቱ ይሰፋል፣ ግን ለመውደቅ ይቀርባል።

የጤፉ ፓተንት ቁጥር ኢፒ 1646287 ነው። ሙሉ ጽሑፉን ከአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ነፃ የፍለጋ ገጽ ማውረድ ይቻላል። የመጀመሪያው ክሌም ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ከጤፍ ወገን የሆነ እህል ዱቄት፣ እህሉ ሲፈጭ የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250 የሆነ።

አሁን ሰፋ ያለ ወረቀት አምጡና ክሌሙን በየቁራጩ ጻፉት። “ዱቄት” አንድ መስመር። “ከጤፍ ወገን የሆነ እህል” አንድ መስመር። “የመውደቂያ ቁጥር” አንድ። “ሲፈጭ” አንድ። “ቢያንስ 250” አንድ። ከዚያ በየመስመሩ አጠገብ ሁለት ጥያቄ ጻፉ። ተከሳሹ ይህ አለው? ይህ ነገር ከማመልከቻው በፊት ይታወቅ ነበር? የመጀመሪያው የጥሰት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የጽናት፣ ማለትም ፓተንቱ ራሱ በሕግ ይቆማል ወይ የሚል፣ ጥያቄ ነው። ጥሰት አለ ለማለት እያንዳንዱ መስመር መሟላት አለበት። አንዱ ከጎደለ በክሌሙ ቃል መሠረት ጥሰት የለም።

የመውደቂያ ቁጥር የሚለው ላይ ሁሉም ይደናገራል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የዱቄት ኢንዱስትሪ ለስንዴ ሲጠቀምበት የኖረ መለኪያ ነው። 7 ግራም ዱቄት በ25 ሚሊ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ በፈላ ውኃ መታጠቢያ ውስጥ ይገባል። ለ60 ሴኮንድ ይማሰላል። ከዚያ ማማሰያው ዘንግ ይለቀቅና እስኪወርድ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ይቆጠራል። የማማሰያው ጊዜም አብሮ ይደመራል። በእህሉ ውስጥ ስታርችን የሚቆራርጥ ኤንዛይም ብዙ ከሆነ ብጥብጡ ይቀጥናል፣ ዘንጉም ቶሎ ይወርዳል። ኤንዛይሙ ትንሽ ከሆነ ብጥብጡ ይወፍራል፣ ዘንጉም ይዘገያል። ገንፎና አጥሚት አስቡ። ማንኪያ በገንፎ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ በአጥሚት ውስጥ ቶሎ ይሰምጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ገንፎ ነው፣ ዝቅ ካለ አጥሚት ነው።

ይህን ምሳሌ ያገኘሁት ክርክሩን በአማርኛ ስናደርግ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የምስለ ችሎት ውድድር አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶቻችን ሥራ ግን በአማርኛ ነው። አጥብቄ የምመክረው፣ ቢያንስ አንዱን ዙር በአማርኛ አድርጉ። በእንግሊዝኛ የቴክኒክ ቃሉን ጠርቶ ማለፍ ይቻላል። በአማርኛ ግን ያልገባህን ነገር ማስረዳት አትችልም፣ ወዲያው ይታወቅብሃል።

ከዚያ “ሲፈጭ” የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። ቁጥሩ መለካት ያለበት እህሉ ሲፈጭ ነው ይላል። ከሳሹ የገዛው ግን ሱቅ የቆየ ዱቄት ነው። ያኔ ሲፈጭ ስንት እንደነበር በምን ያስረዳል? በአንድ ቃል ላይ ሙሉ የተከሳሽ መከላከያ ሊቆም ይችላል። ይህን ራሳቸው ያገኙት ተማሪዎች ዓይናቸው ሲበራ ማየት ደስ ይላል።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ጽሑፉን ጻፉ

እያንዳንዱ ወገን ከ10 ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ያቅርብ። ሕጉ የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት ነው። አንቀጽ 54 ስለ አዲስነት፣ አንቀጽ 56 ስለ ፈጠራዊ እርምጃ፣ አንቀጽ 69 ስለ ጥበቃው ወሰን። እነዚህ ይበቃሉ። ጭብጡ ሦስት ብቻ ይሁን፦ ክሌሙ ምን ማለት ነው? ፓተንቱ ይጸናል? ከጸና ተጥሷል?

ፈጠራዊ እርምጃን የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በሚሄድበት መንገድ ሂዱበት። መጀመሪያ ለፈጠራው እጅግ የቀረበውን ቀዳሚ ዕውቀት፣ ማለትም ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ የደረሰ ነገር፣ ምረጡ። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለዩ። ልዩነቱ የፈታው ቴክኒካዊ ችግር ምንድን ነው በሉ። መጨረሻ ላይ፣ በዘርፉ የሠለጠነ ሰው ይህን ችግር ይዞ ወደዚያው መፍትሔ ይሄድ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። “ሊሄድ ይችል ነበር” አይበቃም። “ይሄድ ነበር” መሆን አለበት። በሁለቱ ግሶች መካከል ብዙ ፓተንት ተርፏል፣ ብዙም ወድቋል።

የተከሳሽ ቡድን “መለኪያው ለስንዴ የታወቀ ነው፣ ለጤፍ መሞከር ማንም ወፍጮ ቤት የሚያደርገው ነው” ብሎ ይጀምራል። የከሳሽ ቡድን “ስንዴና ጤፍ አንድ አይደሉም፣ ለጤፍ ይህ ቁጥር እንደሚበጅ ማን ነግሮህ?” ይላል። ሁለቱም የሚያስኬዱ ናቸው። ጥሩ መዝገብ እንዲህ ነው።

ስለ 2005ቱ ስምምነትም አንድ ነገር ልበል። ማመልከቻው ከስምምነቱ ይቀድማል። ይህ ደም ያፈላል። በአንድ ዙር አንድ የተከሳሽ ጠበቃ ከ15 ደቂቃው 12ቱን በዚህ ጨረሰው። ንግግሩ ያምር ነበር፣ ተመልካቹም አጨበጨበ። ዳኛዋ ዝም ብላ ሰምታ “ይህ ከፓተንቱ ጽናት ጋር በምን ይገናኛል?” አለች። መልስ አልነበረውም። ስምምነቱን መጣስ ራሱን የቻለ ክስ ሊሆን ይችላል። ለአዲስነትም ለፈጠራዊ እርምጃም ግን መልስ አይሆንም። ከጭብጡ ውጭ የሆነ እውነት፣ እውነት ቢሆንም፣ ሰዓታችሁን ይበላል።

ሦስተኛ ሳምንት፦ የእናት ምስክርነት

የሄግ ክርክር ባብዛኛው በጽሑፍ ነው። ምስክር እንደኛ ችሎት ቆሞ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተን ብዙም አይታይም። እኛ ግን ለመማር ብለን እናስገባዋለን። ምክንያቱም የዚህ መዝገብ ትልቁ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው፦ ያልተጻፈ ዕውቀት ይቆጠራል?

በአውሮፓው ስምምነት ይቆጠራል። በጽሑፍም፣ በቃልም፣ በመጠቀምም ለሕዝብ የደረሰ ነገር ሁሉ ቀዳሚ ዕውቀት ነው፣ ዓለም ላይ የትም ይሁን። አሜሪካ እስከ 2013 ድረስ ከዚህ ይለይ ነበር። በውጭ አገር ሰዎች ሲጠቀሙበት መኖራቸው ብቻውን አይበቃም ነበር፣ ታትሞ ወይም በፓተንት ተመዝግቦ መገኘት ነበረበት። ስለዚህ ሕንድ በ1997 የእርድን የአሜሪካ ፓተንት ያሰረዘችው በቀደሙ ጽሑፎች ነው። እናት ብትመሰክር ያኔ ዋሽንግተን ላይ አትሰማም ነበር። ሄግ ላይ ትሰማለች። ግን ማስረዳት ያስፈልጋል፦ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ማን ዘንድ።

የተከሳሽ ጠበቃ በዋና ጥያቄ እናቲቱን ስለ ጤፍ አቀማመጥ ይጠይቃቸው። ከአጨዳ በኋላ ምን ያህል ይከርማል? አዲስ ጤፍና የከረመ ጤፍ ሲቦካ ልዩነት አለው? ምስክሯ በራሳቸው አነጋገር ይመልሱ። መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን የሚጠቁም ጥያቄ፣ አይፈቀድም።

ከዚያ የከሳሽ ጠበቃ ይነሳል። መስቀለኛ ጥያቄ አጭርና ዝግ ይሁን፦

“እማማ፣ እንጀራ መጋገር ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?”

“አርባ ይሆነኛል።”

“በእነዚህ ዓመታት የመውደቂያ ቁጥር ለክተው ያውቃሉ?”

“አላውቅም።”

“የቤትዎ ጤፍ ቁጥሩ 250 ይሁን 200 ሊነግሩን አይችሉም?”

“አልችልም።”

እዚህ መቀመጥ ነበረበት። ወጣቱ ጠበቃ ግን ደስ ብሎት አንድ ይጨምራል፦

“ታዲያ ጤፉ መድረሱን በምን ያውቃሉ?”

“ልጄ፣ በእጄ ነዋ! አዲሱ ሲቦካ ይቀጥናል፣ የከረመው ይይዛል። እናቴም እንዲህ ነበር የምታውቀው።”

በዚህ መልስ ክርክሩ ተገለበጠ። ምስክሯ ሴኮንድ ሳይቆጥሩ ከገንፎና ከአጥሚት ጋር አንድ የሆነ ነገር ተናገሩ። መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ መስቀለኛ ላይ አትጠይቁ የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን በቃል መንገር ይቻላል። ጠበቃው ራሱ ከደረሰበት በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ሕጉም እዚህ ላይ ይገባል። አንድን አሮጌ ነገር በአዲስ መለኪያ መለካት ነገሩን አዲስ አያደርገውም። ዱቄቱ በፊትም 250 ከነበረ ማንም ባይለካውም 250 ነበር። ይህ የተከሳሽ ምርጥ ክርክር ነው። የከሳሽም መልስ አለው፦ “የግድ 250 እንደነበር አሳዩኝ። ‘ይይዛል’ ማለት ቁጥር አይደለም።” ያኔ የባለሙያው ምስክር ይጠራል። የማስረዳት ሸክሙ ፓተንቱ አይጸናም ባለው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሸክሙ ከዚህም ይከብዳል። የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ማይክሮሶፍት በተረታበት መዝገብ፣ ፓተንት እንዲፈርስ ማስረጃው ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት ብሏል።

አራተኛ ሳምንት፦ የትርጉም ችሎት

ይህን ሐሳብ ከአሜሪካኖች ወስጃለሁ። እዚያ በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሌምን የሚተረጉመው ዳኛው እንጂ ከሕዝብ የሚመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) እንዳልሆኑ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ከዋናው ክርክር በፊት ለትርጉም ብቻ ችሎት መዋል የተለመደ ነው። እናንተም አንድ ሰዓት ስጡት። ሁለት ሐረግ ብቻ ይተርጎም፦ “ሲፈጭ” እና “ከጤፍ ወገን የሆነ እህል”። ዳኞቹ እዚያው ይወስኑ። ሁለቱም ወገን በተወሰነው ትርጉም ጽሑፉን አስተካክሎ ይመለስ። ትርጉሙ የተፈረደበት ወገን ግማሽ ክርክሩ ሲፈርስ ያያል።

አምስተኛ ሳምንት፦ ዋናው ችሎት

ለእያንዳንዱ ጠበቃ 15 ደቂቃ፣ ለመልስ መልስ 3 ደቂቃ። ዳኞች ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምሮ ያቋርጡ። የማያቋርጥ ዳኛ ተማሪውን አይጠቅመውም። ለዳኞች የሚሆኑ ጥያቄዎች እነሆ፦

“ቁጥሩ 249 ቢሆን ደንበኛዎ ይከሳል?”
“ቀዳሚ ዕውቀት ነው ያሉት ሰነድ ጤፍ የሚል ቃል አለው?”
“ክሌሙን እርስዎ በሚሉት ስፋት ብቀበለው የኢትዮጵያ የከረመ ጤፍ አይገባበትም?”

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለከሳሽ በጣም ከባድ ናት። ክሌሙን ለጥሰት ሲል ያሰፋ ሰው ለጽናት ይጠበዋል። የፓተንት ጠበቃ ሁልጊዜ በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ነው።

ስትመልሱ መጀመሪያ አዎ ወይም አይደለም በሉ። ምክንያቱ ይከተል። እኛ ጋ “ክቡር ፍርድ ቤቱ እንደሚያውቀው” ብሎ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የተለመደ ነው። እሱን ተዉት። “ወደዚያ እመጣለሁ” አትበሉ። ዳኛው የጠየቀው አሁን ነው፣ ሐሳቡም አሁን እዚያ ነው። የማታውቁትን “በመዝገቡ ላይ የለም፣ ክቡር ዳኛ” ብላችሁ እለፉ።

ነጥብ ስትሰጡ ከ100 እንዲህ ክፈሉት፦ ከክሌሙ ቃላት ሳይወጡ መከራከር 35፣ ጥያቄ መመለስ 35፣ ማስረጃን ከመዝገቡ በገጽ መጥቀስ 20፣ የችሎት ሥነ ሥርዓት 10። ለአንደበት ርቱዕነት ነጥብ አልሰጥም። እሱ ያለው ሰው በሌሎቹም ያሸንፋል።

ወገን ቀይሩ

በማግሥቱ ወገን ተቀያየሩ። ትናንት ለባኬልስ የቆመው ዛሬ ለባለ ፓተንቱ ይቁም። ለኢትዮጵያውያን ከባዱ ይህ ነው። “እንዴት ለእነሱ እከራከራለሁ?” ያለኝ ተማሪ ብዙ ነው። ሁሉንም እንዲሞክሩ አደርጋለሁ። የባለ ፓተንቱን ምርጥ ክርክር በራሱ አፍ ያልተናገረ ሰው፣ ነገ ሌላ ፓተንት በገብስ ወይም በኑግ ላይ ሲመጣ የት እንደሚመታ አያውቅም።

ጊዜ ካላችሁ ሦስተኛ ዙር ጨምሩ። ማመልከቻው አዲስ አበባ ቢቀርብ ኖሮስ? በ1987 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 123 ክፈቱ። አዲስነትን፣ ፈጠራዊ እርምጃንና ለኢንዱስትሪ መዋልን እሱም ይጠይቃል። የዕፅዋት ዝርያን አይቀበልም። ዱቄት ግን ዝርያ ነው? እዚህ ላይ ሌላ ሙሉ ቀን ክርክር ይወጣችኋል።

ሁሉም ሲያልቅ የሄግን ውሳኔ አውጡና አብራችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ሰው ዳኞቹ ከራሱ ክርክር የተለዩበትን ቦታ በእርሳስ ያስምር። ወረቀቱን አስቀምጡ። ቀጣዩን መዝገብ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታወጡት እሱን ነው። ለቀጣዩ በ2000 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የሰረዘውን የኒም ዛፍ ፓተንት እመክራለሁ። ባለ ፓተንቶቹ ይግባኝ ብለው በ2005 ተረቱ። እዚያም ወሳኝ ሆኖ የቀረበው ከፓተንቱ በፊት ያንኑ ሥራ ሲሠራ የነበረ የአንድ ሕንዳዊ አምራች ምስክርነት ነው።